ከነጠላ ሥር የተደበቀው ታንክ

ታንኩን የገዛሁት ሳላስበው ነው። ዲላ ገበያ አጠገብ አንድ የልጆች ዕቃ መሸጫ ሱቅ ሊዘጋ ሲል የቀረውን ዕቃ በሩ ላይ ዘርግቶ ነበር። ከአሻንጉሊቶቹ ሥር ጥጉ የተቀደደ ካርቶን አየሁ። ላዩ ላይ ታንክ ተስሏል፤ ውስጡ ግን ያለው ከሁለት መቶ በላይ የፕላስቲክ ቁርጥራጭ ነው። ባለሱቁ «ይሄ የተሰበረ ነው፣ ሌላ ውሰጂ» አለኝ። የተሰበረ ሳይሆን ገና ያልተሠራ መሆኑን ልነግረው ፈለግሁና አፈርኩ። በስብርባሪ ዋጋ ይዤው ሄድኩ። ዓይን አፋርነት አንዳንዴ ያተርፋል።

ሥራዬ ቡና ለቀማ ነው። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት አልቀጠልኩም። መጋዘን ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተቀምጬ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ፍሬ ከደህናው ስለይ እውላለሁ። ስለዚህ ትንንሽ ነገር አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ሰው ነው።

ስለ ታንኩ ስልኬ ላይ ቪዲዮ ፈለግሁ። ለካ ታንክ ሠርቶ እንዲሁ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ እንደ ነውር ነው የሚቆጠረው። ሰዎቹ መንገዱን፣ ዛፉን፣ ሰዉንም በዚያው ልክ አሳንሰው ይሠሩና ታንኩን መሃሉ ያቆሙታል፤ ዳዮራማ ይሉታል። ሁሉም አንድ ምክር አላቸው፦ ከማጣበቅህ በፊት አቅድ። ታንኩ እዚህ ምን ሊሠራ መጣ? ከአንድ ደቂቃ በፊት ምን ሆነ? የነሱ ታንኮች ሁሉ በረዶ ውስጥ፣ የፈረሰ የጡብ ቤት አጠገብ ናቸው። እኔ የማውቀው በረዶ ቆርቆሮ ደብድቦ በአምስት ደቂቃ የሚቀልጠውን ነው።

ስለዚህ ከኮንጋ መንደር ወደ ታች የሚወርደውን መንገድ መረጥኩ። ዝናብ ዘንቦ አባርቷል፤ ቀዩ ጭቃ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ግራና ቀኙ እንሰት፣ ከሥሩ ቡና። ታንኩ ተንሸራቶ ጭቃው ውስጥ ገብቷል። ከካርቶኑ ሦስት ወታደሮች ወጥተዋል፣ አንደኛው እጁን ዘርግቷል። ሥዕሉ ላይ «ወደፊት!» እያለ ነው። እኔ ዘንድ መንገድ እየጠየቀ ነው። ፊት ለፊቱ ደግሞ ሸክም የያዘች ሴት ቆማ መንገዱን እስኪለቅላት ትጠብቃለች።

ሁሉም ነገር ከእውነተኛው በሠላሳ አምስት እጥፍ ማነስ አለበት። ማካፈል ስላልረሳሁ ደስ አለኝ። አምስት ሜትር የሆነ እንሰት አሥራ አራት ሴንቲ ይሆናል። ለሴትየዋ እናቴን በሜትር ለካኋት።

«የሬሳ ሳጥን ልታሠሪልኝ ነው?» አለች።

ሳካፍላት አራት ሴንቲ ተኩል ወጣች። እናቴን ሳልፈራ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

የቴሌቪዥን ካርቶን ቆርጬ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ኮረብታ ሠራሁ፣ ከደረቀ ቅጠል እንሰት፣ ከቁራጭ ጨርቅ ሴትየዋን። ምንም አላጣበቅሁም፤ ታንኩንም ቢሆን ቁርጥራጮቹን ገጣጥሜ ደገፍ ብቻ አደረግሁት። ዕቅድ ነዋ። ከመጋዘን ስመለስ አንዱን እንሰት ወደ ግራ፣ አንዱን ወታደር ወደ ቀኝ አደርጋለሁ። ታንኩን ቀጥ አድርጌ ሳቆመው ተሳፋሪ የሚጠብቅ ሚኒባስ ይመስላል። አዘንብዬ ሳቆመው የሰከረ ይመስላል። ታንክ ጭቃ ሲይዘው እንዴት እንደሚሆን አላውቅም ነበር።

በዚህ መሃል እናቴ እሑድ ሽማግሌ እንደሚመጣ ነገረችኝ። ሊያገባኝ የፈለገው ሰውየ ፍስሐ ገነት ከተማ ሱቅ አለው። የዘመድ ሠርግ ላይ አይቶኝ «ዝምተኛ ናት፣ እኔ የምፈልገው እንዲህ ዓይነቷን ነው» ብሏል አሉ። ያን ቀን ዝም ያልኩት ጫማዬ ጠቦኝ ነው። ሰውየውን አልጠላሁትም። አንድ ቃል አልተነጋገርንም፤ እሱም የወደደው ይህንኑ ነው። ስለ ትዳሩ ሳስብ የሚታየኝ ባንኮኒ ኋላ ዕድሜ ልኬን ዝም ብዬ ስቆም ነበር። እናቴ ደስ ብሏታል። አባቴ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው፤ «እናያለን» አለ። ስለ ዝናብም ስለ መንግሥትም የሚለው ይህንኑ ነው። እኔን የጠየቀኝ የለም። እኔም አልፈልግም ለማለት ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሦስቴም ውሃ ጠጣሁበት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን እናቴ «ይህን ቆሻሻ አንሺ!» አለች።

«ከተነሳ ይፈርሳል።»

«ይፍረስ!»

ስንከራከር በሩ ተንኳኳ። እናቴ አዲሱን ነጠላዋን ከትከሻዋ አውልቃ ሁሉንም እንደ ሬሳ ሸፈነችው። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ ከመጋረጃው ኋላ ቆምኩ።

ሦስት ናቸው። አንደኛው ከዘራ የያዙ ትልቅ ሰው፣ ሁለተኛው መነጽር ያደረጉ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ሦስተኛው የሰውየው አጎት። «ተቀመጡ» ተባሉ፤ አልተቀመጡም። ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ ቆሞ ይናገራል፣ መልስ ሲያገኝ ነው ወንበር የሚስበው። ባለ ከዘራው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ...» አሉና ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። «እሱ ምንድን ነው?»

«ዳቦ ነው» አለች እናቴ።

«አፈሙዝ ያለው ዳቦ?»

በከዘራቸው ጫፍ ነጠላውን ቀስ አድርገው ገለጡት።

«እኔ እኮ ታንከኛ ነበርኩ» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። አጎንብሰው ከታች አዩት። «ማነው ይሄን ያቆመው? ታንክ በአፍንጫው አይሰምጥም! በቂጡ ነው፣ እንደ ሰነፍ በሬ። ነዳጅ በሰጠኸው ቁጥር ራሱን ይቀብራል።»

ባለ መነጽሩ ለማየት ጎናቸው ተቀመጡ። «ወታደሩ ምን እያለ ነው?»

«ግፉ እያለ ነው። ሁልጊዜ አንድ የማይገፋ አለ፤ እጁን ዘርግቶ ግፉ ይላል። የኛ አለቃ ነው፣ ቁርጥ እሱን!»

አጎትየው ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። የጭቃው ነገር ሲነሳ ግን መታገሥ አልቻሉም። «በኛ መንገድ አይሱዙ ሲያዝ ከጎማው ሥር ቅጠል ነው የሚደረገው» አሉና በርጩማው ጫፍ ላይ አረፉ።

«ይህቺ ሴትስ?» አሉ ባለ መነጽሩ። «ታንክ እያየች ለምን አትሸሽም?»

«ቆጮ ተሸክማለች» አልኩ።

ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው። ሦስቱም ወደ መጋረጃው ዞሩ።

«ታዲያ ብትሸከምስ?» አሉ ባለ መነጽሩ።

«ከባድ ነው። ታንኩ ይዙር።»

ባለ ከዘራው እስኪያስላቸው ሳቁ። አባቴ ይህን ሁሉ ጊዜ ግድግዳው አጠገብ ቆሞ ነበር።

«አባቶች፣ ተቀምጣችኋል» አለ።

ሦስቱም የተቀመጡበትን አዩ።

«ጉዳያችሁን ሳትናገሩ ተቀምጣችኋል። እንግዲህ ዛሬ የመጣችሁት ለታንክ ነው ማለት ነው።»

አጎትየው ብድግ አሉ። «እኔ አልተቀመጥኩም! ተደገፍኩ እንጂ!»

«በርጩማ መደገፊያ የለውም» አሉ ባለ ከዘራው ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ተሸንፈናል። ወግ ወግ ነው፣ ሌላ ቀን እንመለሳለን።» እናቴ አባቴን የምታየው እኔ ነቀዝ የበላውን ፍሬ እንደማየው ነበር።

ወደ በሩ ሲሄዱ አሰብኩ። አባቴ የሰጠኝ አንድ ሳምንት ነው። በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ይመጣሉ፤ ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል፣ እነሱም ይቆማሉ፣ ጉዳዩንም እስከ መጨረሻው ይናገራሉ። እኔም ያኔ ውሃ እጠጣለሁ። መጋረጃውን ገፍቼ ወጣሁ።

«አባባ» አልኩ ለባለ ከዘራው። ድምፄ ጮክ ብሎ ወጣ፣ ራሴንም አስደነገጠኝ። «ለታንኩ ከሆነ በፈለጉ ጊዜ ይምጡ። ለሰውየው ከሆነ ግን አይድከሙ። እኔ አልፈልግም።»

«አንቺ!» አለች እናቴ።

ሽማግሌው በከዘራቸው ላይ ተደግፈው ወደ እኔ ዞሩ። «የማትፈልጊው እሱን ነው ወይስ ማግባቱን?»

«ስላልጠየቀኝ ነው። እኔ ምን እንደምል ሳያውቅ ነው የላካችሁ።»

አጎትየው ወደ ባለ መነጽሩ ዞሩ። «ዝምተኛ ናት አላለንም?»

«ብሎናል» አሉ ባለ መነጽሩ። «እንግዲህ የሰማነውን እንነግረዋለን።»

ሄዱ። አባቴ ዘብ ሊገባ ኮቱን ለበሰ። እናቴ ደግሞ ለሦስት ቀን አላናገረችኝም። በቤታችን ዝምተኛዋ እሷ ስትሆን የመጀመሪያው ነው፣ ብዙም አልቻለችበትም፤ ድስቶቹን እያንኳኳች ስትናገር ነበር የሰነበተችው።