የባኞው ወለልና የካፒታኖው ቀኝ እጅ

ከሐረር የተነሳሁበት ምሽት አስካለ አላለቀሰችም፤ ተቆጣች እንጂ። ከተጋባን ገና ዓመት አልሞላንም ነበር። እኔ ከጌታዬ ከጣልያኑ ግንበኛ ጋር ለሥራ ጎጃም ድረስ መሄዴ ነው፤ እሷን ክረምት ሳይገባ አስመጣታለሁ ብያለሁ። «እኔ ዕቃ ነኝ እንዴ፣ ኋላ የምጫን?» አለችና ሁለት ብርቱካን ኪሴ ውስጥ ወሸቀችልኝ። እንዲህ ተቆጥታም ስንቅ የምትሰጥ ሴት አይቼ አላውቅም። አንዱን ባቡር ላይ፣ ሌላውን ዓባይ አፋፍ ላይ በላሁት፤ ከዚያ ወዲህ ብርቱካን በዓይኔም አላየሁ።

እናንተ ሐረር ያላችሁ ዘመዶቼ፣ ስለ ዓባይ በረሃ የሰማችሁት ሁሉ እውነት ነው። ካሚዮናችን የጫነው ማቶኔላ ነበር፤ ጣልያኖች ወለልና ግድግዳ የሚያለብሱበት አራት ማዕዘን ንጣፍ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለው የጣልያን መኮንን፣ ካፒታኖው፣ ለራሱ ባኞ፣ ማለት የገላ መታጠቢያ ቤት፣ ሊያሠራ አዝዞት ነው። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሳጥኖቹ ተንኳኩ፤ ዳገቱን ስንወጣ ተንኮሻኮሹ። ደጀን ደርሰን ስንከፍት ለወለሉ የመጣው ቀዩ ማቶኔላ አብዛኛው ድቅቅ ብሏል። ጌታዬም የበረሃው ንዳድ ይዞት እዚያው ደጀን ተኛ። «አንተ ጨርሰው» አለኝ እየተንቀጠቀጠ። እስከዚያን ቀን ድረስ የኔ ሥራ ሲሚንቶ ማቡካት ነበር።

የደብረ ማርቆስ ብርድ «ደኅና ዋላችሁ» ሳይል ነው የሚገባው። ሐረር ማታ ማታ ሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነፋስ ይቀበላል፤ እዚህ ሁለት ጋቢ ደርቦ ነፋስን ይረግማል። ቤት ያከራዩኝ እሜቴ ጥሩነሽ የሚባሉ ባልቴት ናቸው።

«ከወዴት ነህ?» አሉኝ።

«ከሐረር፣ እሜቴ።»

«እዚያ ግመል ይበላል ይባላል።»

«እኔ በልቼ አላውቅም።»

«ማተብህን አሳየኝ እስቲ።»

አሳየሁ። ላብ የጨረሰው ክር ነበርና አላመኑትም፤ አዲስ ክር አምጥተው በገዛ እጃቸው አሰሩልኝ። ሥራዬን ስነግራቸው ግን ወገባቸውን ያዙ። «ለጣልያን ገላ ማጠቢያ ልትሠራ ነው ከሐረር የመጣኸው? ዓባይን ያህል ውሃ እያለለት!»

ካፒታኖው ዘንድ ስቀርብ በምችላት ጣልያንኛ ስለ አስካለ ለመንሁት። ያለ ፔርሜሶ፣ ያለ ይለፍ ወረቀት፣ ዓባይን የሚሻገር ሰው የለም።

«ባኞዬ ገብቼ ታጥቤ ስወጣ እፈርምልሃለሁ» አለኝ።

«ከዚያ በፊትስ፣ ጌታዬ?»

«ከዚያ በፊት እጄ ቆሻሻ ነው።» ራሱ ቀልዶ ራሱ ሳቀ።

እንግዲህ ማቶኔላውን ሣር ላይ ዘርግቼ ወለልና ግድግዳ ማስማማት ጀመርሁ። የግድግዳው ነጭ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ጠርዙ ሰማያዊ ነው። ነጩን ከተረፈው ቀይ አጠገብ ባስቀምጠው የእናቴ ቤት ታየኝ፤ ነጭ ግድግዳ፣ ቀይ አፈር የተቀባ ወለል። የተረፈው ቀይ ግን ከበሩ ደፍ በላይ የሚያለብስ አልነበረም። ሳይሰበር የደረሰው ሌላው የወለል ዓይነት ነው፤ ሻካራ፣ አመድማ፣ መሐሉ ላይ ሰማያዊ ሥዕል ያለበት። ሰማያዊው ከግድግዳው ጠርዝ ጋር እንደ መንታ ተስማማ። ካፒታኖው አጨበጨበ፤ «ይሄ ከዚያ ጋር! ፔርፌቶ!»

ረዳቴ ይርሳው የዚሁ አገር ሰው ነው፤ ጭቃ ከማቡካቱ በፊት ቆሎ ተማሪ ነበር። ቁጢጥ ብሎ አየና ተነሣ።

«እኔ ይህን ወለል ላይ አላነጥፍም።»

«ለምን?»

«መስቀል ነዋ!»

ልብ ብዬ ሳይ እውነትም መስቀል ነው። ካፒታኖው ግን «ፊዮሬ! አበባ ነው!» እያለ ጮኸ።

«አራት እጅ ያለው አበባ እነሱ አገር ይበቅል ይሆናል» አለ ይርሳው፤ «እኛ ይህን እንሳለመዋለን እንጂ ራቁታችንን ሆነን አንረግጠውም። ንገረው!»

ነገርሁት። «ጌታዬ፣ አበባው በጣም ያምራል ይላል።»

ማታ ቤቴ ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ቁርበቴና ጋቢዬ ደጅ ወጥተዋል።

«መስቀል የሚያስረግጥ ሰው ጣራዬ ሥር አያድርም» አሉ እሜቴ ጥሩነሽ።

«ኧረ ገና አልነጠፍሁትም!»

«እንግዲያው ለዛሬ ግባ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ፈርቻለሁ። ግን ወለሉ ካልተነጠፈ ፔርሜሶ የለም፤ ፔርሜሶ ከሌለ አስካለ የለችም። ስገላበጥ አድሬ ጎሕ ሲቀድ መላው መጣልኝ፤ የወለሉ ወደ ግድግዳ፣ የግድግዳው ወደ ወለል! መስቀሉ ከፍ ይበል፣ ነጩ ይረገጥ። ይርሳው እያንዳንዱን ማቶኔላ ተሳልሞ ግድግዳው ላይ እስከ ደረት ድረስ ለጠፈው፤ ከዚያ በላይ ኖራ ቀባነው። እሜቴ ጥሩነሽም ጠላ ላኩልን። ካፒታኖው መጥቶ ሲያይ ቅር እንኳ አላለውም፤ ጎንበስ ብሎ ወለሉ ላይ መልኩን እያየ ጺሙን አስተካከለ። «ቤሊሲሞ!»

የግድግዳ ማቶኔላ ለምን ግድግዳ ላይ እንደሚውል የነገረኝ ሰው አልነበረም። የሚያውቀው ጌታዬ ደጀን ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ያ የሚያብለጨልጭ ነገር ውሃና ሳሙና ሲነካው የሐምሌ ጭቃ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ፔርሜሶውና ብዕሩ ጠረጴዛ ላይ ተዘጋጅተው እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። ካፒታኖው ውስጥ ሆኖ ይዘፍናል። ዘፈኑ መሐሉ ላይ ተቆረጠ። ቀጥሎ አንድ ነገር ዷ! አለ፤ ቀጥሎ «ማዶና!» የሚል ጩኸት መጣ።

የተሰበረው ቀኝ እጁ ነው። ሐኪሙ እስከ ጣቱ ድረስ በጄሶ ጠቀለለው። እኔ ወህኒ እወርዳለሁ ብዬ ስጠብቅ ካፒታኖው «ከበቅሎ ወደቅሁ» ብሎ አስወራ። ራቁቱን የገዛ ባኞው ጣለው እንዲባል አልፈለገማ! ቅጣቱን በቅሎይቱ ተቀበለች፤ ኮርቻዋ ተነሥቶ ዱቄት ጫኝ ሆነች። እኔ ወለሉ ላይ ሰሌን እንዳነጥፍ ታዘዝሁ። ያን ያህል የተጨነቅሁበት ወለል አሁን ሰሌን ለብሷል።

ወደ ጸሐፊው ሄድሁ። «በግራው ይፈርምልኝ።»

«የግራ እጁን ፊርማ አዲስ አበባ ማን ያውቀዋል?»

«ቀኙ መቼ ይድናል?»

«ከበቅሎ የወደቀ ሰው ቶሎ አይድንም» አለኝ ዓይኑን ጠቀስ አድርጎ።

አሁን ጮቄ ተራራ ላይ ደመና መቋጠር ጀምሯል። ዝናቡ ከጣለ የበረሃው መንገድ እስከ መስከረም ይዘጋል። እኔም ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ። እሜቴ ጥሩነሽ «ሐረርም ጻድቅ ያበቅላል ለካ» ብለው ደስ ብሏቸዋል፤ ለማን እንደምጸልይ አልነገርኋቸውም። ጎጃም ሙሉ የጣልያን እጅ እንዲሰበር ሲለምን፣ እንዲጠገንለት የምለምን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ትናንት ቄሱ «የታመመብህን ስሙን ንገረኝና በጸሎት ላስበው» አሉኝ።

«ስሙን ባይጠሩት ይሻላል፣ አባ።»

«የክርስትና ስሙስ?»

«አላውቀውም። ዝም ብለው ቀኝ እጅ ብለው ያስቡልኝ።»

ናፍቀሽኛል፣ አስካለ። ያን ምሽት ዕቃ ነኝ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር፤ አይደለሽም። ዕቃማ ብትሆኚ ያለ ፔርሜሶ ዓባይን ትሻገሪ ነበር።