ከደሴቷ ያመጣነው አጥንት

ወረታ ስዳር ጣሊያን ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። የባሌ አባት ዓይናቸው ደክሟል። በጠላት ጊዜ ታንኳ ቀዛፊ እንደነበሩ ሰምቻለሁ፤ ወደ ጣና ሲወርዱ ግን አይቻቸው አላውቅም። አንድ በጋ ሕመም ሲጠናባቸው ባሌንና እኔን ጠሩን።

«ወንድሜን ከደሴቷ እናምጣው» አሉ።

ከፎገራ ዳርቻ በደንገል ታንኳ ተነሣን። ባሌ ይቀዝፋል፤ እሳቸው ያወራሉ። ደሴቷ ድንጋይና ቁጥቋጦ እንጂ ሰው የላትም። ጫፏ ላይ የወጣ ሰው ግን ከጎርጎራ የሚነሣውን የጣሊያን ጀልባ ከሩቅ ያየዋል። ወንድማቸው ያኔ እዚያ ተቀምጦ ጀልባ ሲያይ ጭስ ያጤሳል፤ ሜዳው ላይ ያሉት አርበኞች ጭሱን አይተው ወይ ይሸሻሉ፣ ወይ ደንገሉ ውስጥ ያደፍጣሉ። ስንቅ የሚያደርሱለት እሳቸው ነበሩ።

«ኋላ ነቁበት። ስንቅ ይዤ ስቃረብ ተኩስ ሰማሁ። ደሴቷን እነሱ ያዟት፤ እስኪወጡ ድረስ የሚጠጋት አልነበረም። ሲወጡ ደግሞ እግሬ እንቢ አለኝ።»

አጥንቱን ከጫፉ በታች፣ ዝናብ ባጠበው ገደል ሥር አገኘነው። ራስ ቅሉ ሁለት ነው። ባሌ አፈሩን ሲጭር የጣሊያን ወታደር ልብስ የብረት ቁልፎች ወጡ። ተናንቀው ወድቀው ይሁን ጎርፍ ሰብስቧቸው እንጃ፣ የማን እጅ የማን እንደሆነ አይለይም።

የባሌ አባት ሁለቱንም ራስ ቅል በጣታቸው ዳሰሱ። ጥርሱን ደጋግመው።

«አንተ ነህ?» አሉት አንዱን። ቀጥለው ሌላውንም ጠየቁት። ፊቴን አዞርኩ።

«አባባ፣ ሁለቱንም እንውሰድ» አልኳቸው።

«ጠላቱንም?» አለ ባሌ።

«ዳግመኛ ጥዬው አልሄድም። ጠቅልይው» አሉኝ።

በነጠላዬ ጠቀለልኩት።

ቄሱ ነገሩን ሲሰሙ አዘኑ፤ ግን «ወንድምዎን እቀብራለሁ፤ የጠላት አጥንት ቅጥር አይገባም። ለይታችሁ አምጡልኝ» አሉ።

ከየት እንለይ? ሁለቱም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ባንድ ጉድጓድ ተቀበሩ። ቄሱ የወንድምየውን የክርስትና ስም ብቻ እየጠሩ ፈቱት።

የባሌ አባት ክረምቱ ሳይገባ አረፉ። «ከወንድሜ ጎን አድርጉኝ» ብለው ነበር። ልጆቻቸው ግን አባታቸው ከቅጥር ውጭ መጣላቸውን እንደ ውርደት ቆጠሩት። «ቃላቸው ነው» ብዬ ብናገር የሰማኝ የለም፤ እውስጥ፣ ከዘመዶቻቸው ጋር ቀበሯቸው።