የፍልሰታ ሱፍ

የሚታመስ ሱፍ ሽታ ዛሬም ከማላውቀው ቤት ወጥቶ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ያስቆመኛል። ሌላው ሰው ምራቁን ይውጣል፤ የእኔ ጉሮሮ ግን ምንም ሳልቀምስ በሩን ሊዘጋ ይዳዳዋል።

ያደግሁት በደርግ ዘመን፣ ንፋስ ስልክ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ግድግዳ በሚጋራበት ሰፈር ነው። ፍልሰታን ልጆችም እንፆም ነበር። በክረምቱ ጭቃ ከቤተ ክርስቲያን ቆርበን ስንመለስ፣ እናቴ ሱፉን አምሳ፣ በሙቀጫ ወቅጣ፣ በውሃ በጥብጣና አጥልላ እንጀራ ትፈተፍትበት ነበር። በመጀመሪያው ፍልሰታዬ «እማዬ፣ ምላሴን ያሳክከኛል» ብላት፣ «ሥጋ አምሮት ነው» ብላ ሳቀች።

ክረምቱ አልፎ ሁዳዴ ሲገባ ግን ከንፈሬና የዓይኔ ቆብ አበጡ፣ አንገቴም በሽፍታ ተሸፈነ። ታላቅ ወንድሜ «ዳቦ ሆነች! እርሾ ያበዛባት ማነው?» እያለ ሲስቅብኝ፣ እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሽታ ፊቴን ቀባችኝ፤ በማግስቱ እብጠቱ ሲጎድል መድኃኒቱ ሠራ ብለን ሁላችንም አመንን።

በዚያው በጋ የጎረቤታችን ልጅ ግርማ ተወሰደ። የሰፈሩን ሬድዮ ሁሉ የሚጠግን ዝምተኛ ተማሪ ነበር። አብዮት ጠባቂዎች በጠራራ ፀሐይ ገብተው፣ ጠረጴዛው ላይ የተፈታታ ሬድዮ ሲያዩ፣ ከጠላት ጋር ይነጋገርበታል ብለው ይዘውት ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አባቴ ሬድዮናችንን ጆሮው ላይ ለጥፎ ነበር የሚያዳምጠው።

እናቴም በበኩሏ ነገር ማገናኘት ጀመረች። የማብጠው ፆም ሲገባ ነበር፤ በፋሲካ ዶሮውንም ዕንቁላሉንም በልቼ እቦርቅ ነበር። «ልጄ ላይ ፆም የሚጠላ ነገር አለ» ብላ ለጎረቤታችን ለልብስ ነጋዴዋ ለእትዬ ዘይነባ ስታንሾካሹክ ሰማኋት።

«እሱማ የእኔም ልጆች ላይ አለ» አለች እትዬ ዘይነባ። «ረመዳን ሲገባ ሁሉንም ሆዳቸውን ያማቸዋል።»

እናቴ አልሳቀችም። ሁለተኛው ፍልሰታ ሲመጣ ጸበል ወሰደችኝ። በብርዱ ተጠምቄ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳልቀምስ ውዬ ቤት ስገባ፣ ያ ነገር ይሸነፍ ብላ በገዛ እጇ ትልቅ የሱፍ ጉርሻ አጎረሰችኝ። አልፈልግም ብዬ ፊቴን ሳዞር፣ «እምቢ የምትዪው አንቺ አይደለሽም፤ እሱ ነው» ብላ ደገመችኝ።

መጀመሪያ መዳፌ ጋለ። ከዚያ ምላሴ አፌን ሞላው፣ ትንፋሼም ወደ ቀጭን ፉጨት ተለወጠ። እናቴ ጸበሉን እየረጨችብኝ «ልቀቃት!» ስትል፣ እትዬ ዘይነባ ጩኸቱን ሰምታ ገባች።

«አስካልዬ፣ ልጅቷ እኮ እየታፈነች ነው! መንገድ ላይ ትጸልያለሽ፣ ተነሺ!»

አቅፋኝ ሮጣ፣ ወንድሟ በሚነዳው ሰይቼንቶ ታክሲ ክሊኒክ አደረሰችን። በመርፌው ትንፋሼ ሲመለስ ሐኪሙ ምን እንደበላሁ ጠየቀ።

«ምን ትበላለች፣ የፆም ነው እንጂ» አለች እናቴ።

«የፆም ምን?»

«ሱፍ።»

«ሱፉ መርዝ የለውም» አለ ሐኪሙ። «የተሳሳተው የሰውነቷ ጠባቂ ነው። ምንም ያላደረገውን ምግብ ጠላት ነው ብሎ ይነሳበታል፤ እሱን አጠፋለሁ ሲል ቤቱን ያቃጥላል።»

«እንደ ግርማ ነዋ» አለች እናቴ።

ሐኪሙ ግርማ ማን እንደሆነ አልጠየቀም። ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሱፍ አጠገቧ አይድረስ፣ እናቴ። ሌላውን አልሰማሁም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እቤታችን ሱፍ አልታመሰም። ዛሬ አለርጂ የሚለውን ቃል ሕፃኑም ያውቀዋል፤ ድግስ ላይ «ሱፍ አለበት?» ብዬ ስጠይቅም የሚገረም የለም። የግርማም ስም ጮክ ተብሎ ይጠራል፣ እሱ ባይመለስም። ሰውነቴ ግን ያኔ ጠላት ያለውን እስከ ዛሬ ጠላት ይለዋል። የግርማ እናትም፣ ጠባቂዎቹ ከሄዱ ስንት ጊዜያቸው፣ በር ሲንኳኳ ሬድዮዋን ዝቅ ታደርጋለች።