ሜዳው ላይ የምትዞር አውሮፕላን

ደብረ ማርቆስ በአዋላጅነት ተመድቤ ስሠራ ነው። አገሬ ሐረር ነው፤ ለከተማው እንግዳ ብሆንም ከቤተ ክርስቲያን አልቀርም ነበር።

የጥምቀት ዕለት፣ ከወሊድ በኋላ ደሟ አልቆም ያለ አንዲት የደምበጫ ሴት በቃሬዛ አስተኝተን፣ ሣር የበቀለበት የአውሮፕላን ማረፊያ ዳር እንጠብቃለን። ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል የምንወስድበት የዓባይ በረሃ መንገድ ከባድ መኪና ተገልብጦበት ተዘግቷል። ሐኪማችን ነጋዴና ዕቃ የምታመላልስ ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ለምኖ አስመጣ።

መጣች። ግን በዚያው ሰዓት ከጥምቀተ ባሕሩ የሚመለሰው ታቦት ሕዝቡን አስከትሎ ሜዳውን ሊያቋርጥ ደረሰ። አብራሪው ዝቅ ብሎ አየና ተመልሶ ወጣ።

"ሲስተር፣ ነዳጁ ብዙ አያዞረውም። አንቺ ካህናቱን ታውቂያለሽ፤ ሂጂ ንገሪያቸው" አለኝ ሐኪሙ።

ሮጥኩ። ግን ምን ብዬ? መስቀል ይዘው ከፊት የሚሄዱት የንስሐ አባቴ እግር ላይ ወደቅኩ።

"አባቴ፣ አውሮፕላኗ ማረፊያ አጣች። ሴትየዋ ልትሞትብን ነው።"

"ልጄ፣ ታቦት እኮ ቁም አይባልም! እኔ ማን ነኝና?"

"እንግዲያ ምን ላድርግ?"

"ጸልዪያ!"

ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ። ታቦቱ ይቁም ማለት ድፍረት መሰለኝ፤ ይለፍ ማለት ደግሞ ሴትየዋን መግደል። "አንተ ታውቃለህ" ብቻ አልኩ።

አጠገቤ አንዲት አሮጊት ወደ ላይ እያዩ፣ "ኧረ ሦስት ጊዜ ዞረች! ክርስቲያን ናት መሰል" አሉ። ሰው ሳቀ።

ወዲያው እልልታው ተቋረጠ። ታቦቱን የተሸከሙት ቄስ ሜዳው ጠርዝ ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል። "አልሄድም አለ! ታቦቱ አልሄድም አለ!" ሕዝቡ እግዚኦ እያለ ባለበት በግንባሩ ተደፋ። ባዶው ሜዳ ላይ አውሮፕላኗ አረፈች፤ ሴትየዋን ጭነን ሸኘን። የአውሮፕላኗ ድምፅ ሲርቅ ታቦቱ መንገዱን ቀጠለ።

ቆይቼ የንስሐ አባቴን፣ "ለተሸካሚው ቄስ ሹክ ብለዋቸው ነበር?" አልኳቸው። "አላልኩም" አሉ። ቄሱን ጠየቅኩ።

"ፊቴ በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ ምን አያለሁ? እግሬ እምቢ አለኝ።"

"የሞተሩን ድምፅስ አልሰሙም?"

"በዚያ ሁሉ ከበሮ?"

ሁለቱም የሚዋሹ ሰዎች አይደሉም። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሴትየዋ ድና ልጇን ታቅፋ መጣች። "ሲስተር፣ ስለቴን የት ላግባ? ለአብራሪው ቅቤ ልላክ ወይስ ለታቦቱ ጃንጥላ ልግዛ?"

"እኔም ግራ ገብቶኛል" አልኳት። "ለማንኛውም ሁለቱንም አድርጊ።"