ማንም የማይወድቅበት ቡድን

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ የቡድን መሪያችን አቶ ማርቆስ የቆሸሸ ማልያ የታጨቀበት ጆንያ አስረከቡኝ። ለእሁድ እንዲደርስ፣ ካልሲዎቹም ለብቻ እንዲታጠቡ አሳሰቡኝ። አጣቢ ሳልሆን ወጌሻ ሆኜ እንደተቀጠርኩ ስነግራቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «የወንዶቹ?» አሉ። አዎ፣ የወንዶቹ አልኳቸው። ጆንያውን በሩ ሥር አስቀምጠውት ሄዱ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ሶዶ ውስጥ በየስብሰባው ስለ ሴቶች እኩልነት ይነገራል፣ ይጨበጨባል። እኔ ግን ቦታውን ያገኘሁት በጭብጨባ አይደለም። የቀድሞው ወጌሻ ጡረታ ወጡ፣ በዚያ ደመወዝ የሚተካቸው ወንድ ጠፋ። እኔ ነርስ ነበርኩ፤ ስለ ስፖርት ጉዳትም አጭር ሥልጠና ወስጃለሁ። ኳስ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ።

ቦርሳዬ ውስጥ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ መቀስ፣ ጓንትና የማሻ ቅባት ነበር። ቅባቱ ስለሚለበልብ ተጫዋቾቹ እንደ አገራችን ማባያ «ዳጣ» ይሉታል። በረዶ ክለቡ አልነበረውም። ባለሱቁ ጋሽ ከድር በፌስታል ውሃ እየቋጠሩ ለስላሳ መጠጥ በሚያቀዘቅዙበት ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡልኝ ነበር። እነዚህን ልጆች ከመሸነፍ የሚያድን በረዶ ግን የለኝም እያሉ ይቀልዱብኛል።

የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ አምበላችን ደስታ ተጠልፎ ወደቀ። ዳኛው ጠሩኝ፣ ቦርሳዬን ይዤ ሮጥኩ። ተመልካቹ ሴት መሆኔን ሲያይ በአንድ ድምፅ ሳቀ። ደስታ ቀና ብሎ አየኝና ገና ሳልደርስበት ብድግ ብሎ ሮጠ። አብዛኛው ሰው ጸሎት ቤት የሚሄድ ከተማ ነውና ከዳር አንዱ «ሃሌሉያ! ተፈወሰ!» አለ። ሜዳው በሙሉ ተቀበለው።

ከዚያ ቀን በኋላ የእኛ ቡድን ሰው አይወድቅም። ቢወድቅም ቦርሳዬን ሳነሳ ይነሳል። እየተገፉ፣ እየተረገጡ፣ እያነከሱ ይጫወታሉ፤ በሕዝብ ፊት ሴት ጭኑን ስታሸው ከመታየት ማነከስ ይሻላል። ልምምድ ላይም ወደ እኔ የሚመጣ የለም። ማታ ማታ ሰፈር ውስጥ ለሚያሽ ሰው ብር ከፍለው እንደሚታሹ ሰማሁ። እናቴንም የጸሎት ጓደኞቿ ልጅሽ ምን ነካት ብለው ጠየቋት። እናቴ፣ ሆስፒታል ስትሆን የወንድ ቁስል ስታጥብ ማንም አልጠየቀኝም ብላ መለሰች።

አሰልጣኝ ጴጥሮስን የጨነቃቸው ሌላ ነገር ነበር። ቡድን እየመራ ሰዓቱ ሲያልቅ አንድ ተጫዋች ይተኛል፣ ወጌሻ ይገባል፣ ሰዓት ይገደላል። ይህ የታወቀ የእግር ኳስ ብልሃት ነው። እኛ ጋ የሚተኛ ጠፋ። አንድ ጨዋታ እየመራን መጨረሻው ላይ ገባብንና አቻ ወጣን። ከጨዋታው በኋላ አቶ ማርቆስ ሰበሰቡን። «ወጌሻ ቀጠርን ብለን ፈዋሽ ነው ያመጣነው» አሉ፤ ሁሉም ሳቀ።

ሳቁ ሲያባራ ውሳኔውን ነገሩኝ። እስከ ዙሩ መጨረሻ ተጫዋቾቹ ካልተቀበሉኝ ወደ ሴቶች ቡድን እዛወራለሁ። የሴቶቹ ቡድን የሚሰበሰበው በማርች ስምንት ሰሞን ነው፤ በዓሉ ሲያልፍ ማልያው ይቆለፍበታል። ስለዚህ የሚጠብቀኝ ያ ጆንያ ነበር። ተናደድኩ። አፈርኩም፤ ማፈሬ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

የዙሩ የመጨረሻ ጨዋታ ጌሱባ ከተማ ነበር። አውቶቡሱ በኮረኮንቹ መንገድ ሲያንገጫግጨን ቆይቶ ስንወርድ ሳሙኤልን አየሁት። ሳሙኤል ከቤሌ ከተማ የመጣ ልጅ ነው፣ ግራ ተከላካያችን። እንደ ሽማግሌ በጎኑ ዞሮ ደረጃውን ወረደ። ቁርጭምጭሚቱ ደህና አይደለም ብዬ ለአሰልጣኙ ነገርኳቸው። ጠርተው ሲጠይቁት ምንም የለብኝም ብሎ በሁለት እግሩ ዘለለ። ሲያርፍ ከንፈሩን ነከሰ። አሰልጣኙ የሚያዩት እግሩን ስለነበር ይጫወት አሉ።

ከዕረፍት በኋላ ማንም ሳይነካው ወደቀ። የሃሌሉያው ወሬ ቀድሞን ጌሱባ ደርሷል፤ ገና ከመስመር ሳልገባ ጀመሩት። ሳሙኤል በክርኑ ተደግፎ ሊነሳ ይታገላል።

«አትንካኝ፣ ሲስተር፣ አትንካኝ» አለኝ። የአፍ መፍቻው ወላይትኛ ነው፤ ሲደነግጥ አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም።

«ዛሬ ከተነሳህ ከርሞም አትጫወትም» አልኩት። «ተኛ።»

ታኬታውን ፈታሁት። ሁለት ካልሲ ደርቧል፤ ከሥሩ በፋሻ የታሰረ፣ የተነፋ እግር። አጥንቱን በጣቴ ገና ስነካው ጮኸ። አሰልጣኝ ጴጥሮስ ከመስመር ዳር ይጣራሉ፤ የሚጠሩት ግን እኔን አልነበረም።

«ደስታ! ይችላል ወይ?»

ደስታ አጠገባችን ቆሞ እግሩን አይቷል። የተመልካቹ ጩኸት አልቆመም።

«እኔን ምን ይጠይቁኛል?» አለ ደስታ። «ወጌሻዋ እዚህ አይደለችም እንዴ? እሷን ይጠይቋት።»

ሁለት እጄን አንስቼ አሽከረከርኩ። ይቀየር ማለት ነው። ቀየሩት። በቃሬዛ ስናወጣው የሃሌሉያው ጩኸት ቀስ በቀስ በረደ። ጨዋታውን ተሸነፍን።

ሶዶ ሆስፒታል ራጅ ሲነሳ አጥንቱ ተሰንጥቆ ተገኘ። ከሁለት ጨዋታ በፊት የተጎዳ ነው። ሰፈር ውስጥ በድብቅ ወለምታ ነው ብለው ሲያሹት ሰንብተዋል። አሰልጣኙ ለምን እንዳልተናገረ ጠየቁት። ሳሙኤል አንገቱን ደፍቶ፣ ሃሌሉያ እንዳይሉኝ ነው አለ። አሰልጣኝ ጴጥሮስ ከክፍሉ ወጡ። እኔ እዚያው አለቀስኩ። ለእሱ አዝኜ ነበር፤ በእኔ ምክንያት የተሰበረም መሰለኝ። ዛሬ እንደዚያ አላስብም።

በሚቀጥለው ልምምድ አሰልጣኙ የማሻ ፍራሼን ሜዳው መሐል አስነጠፉ። ቡድኑ በሙሉ ቆሞ እያየ ተቀመጡበትና የሱሪያቸውን እግር ሰበሰቡ። «የተጫዋችነት ዘመኔ ጉልበት ነው። እዪልኝ» አሉኝ። አየሁላቸው፣ በዳጣውም አሸሁላቸው፤ ፊታቸውን ሲያጨማድዱ ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ ማንም በእኔ እጅ ሳያልፍ ልምምድ እንደማይገባ ተናገሩ። ደስታ ቀድሞ ተሰለፈ። ስለ መዛወሬ ያነሳ አልነበረም። ጆንያውንም አቶ ማርቆስ ለአጣቢ ሰጡት።

ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ሶዶ ላይ አንድ ለባዶ እየመራን ነው። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ደስታ ወገቡን ይዞ ተዘረረ። ዳኛው ጠሩኝ። ደንግጬ ሮጥኩ፤ ከዳር አንድ ሁለት ሰው ሃሌሉያ ብሎ ሞከረ፣ ደስታ ግን አልተነሳም። ተንበርክኬ የት ጋ እንደሚያመው ጠየቅኩት።

«የትም» አለኝ ዓይኑን ጨፍኖ። «ቀስ በይ ሲስተር። በደንብ እሺኝ።»

ቦርሳዬን በቀስታ ከፈትኩ። ፋሻውን አወጣሁ፣ መልሼ ከተትኩ፣ ቅባቱን ፈለግኩ። ዳኛው ሰዓታቸውን እያሳዩ ተቆጡኝ። በሥራ ዘመኔ የተቆጣኝን ሰው ሁሉ አልወደድኩትም፤ እኚህን ዳኛ ግን እስከ ዛሬ እወዳቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራሁ። የሴቶቹ ቡድንም ውሎ አድሮ ዓመቱን ሙሉ የሚጫወት ሆነ፤ ከተጫዋቾቹ አንዷ ጉልበቷ ሲሰናበታት ቦርሳዬን ተረከበች። በረዶ ከየት እንደሚገኝ፣ ዳጣው ለማን እንደሚበዛ አሳየኋት። አንድ ነገርም ነገርኳት። ወጌሻ የሚያክመው በፊቱ ለመውደቅ የማያፍርን ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ወጌሻዋ ላይ የሚስቅ ቡድን የራሱን ተጫዋች ይሰብራል።