አሥራ ሦስተኛው ሪባን

የእግር ጉዞ ክበባችን አንድ ደንብ አለው። ዓመታዊው ስብሰባ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሁለት አባላት መንገዱን አስቀድመው ይሄዱበትና እንግዳ እንዳይጠፋ በየዛፉ ላይ ቀይ ሪባን ያስራሉ። ያን ዓመት ዝግጅቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አዲስ አበባ ወሰን ሰፈር ሆቴል ያዝኩ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚያድር በወረቀት ደለደልኩ፤ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከእንጦጦ ማርያም በላይ ባለው ጫካ በእግር እንደሚኬድ ጻፍኩ። የእኔን ወረቀት ማንም ደግሞ አያየውም። ስህተት ተገኝቶበት አያውቅም።

ሪባኑን ላስር ግን ብቻዬን ወጣሁ። ሰው ጋ ደውዬ አብረን እንውጣ ማለት አፍሬ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

አሥራ ሦስተኛውን እያሰርኩ ሳለ አንድ እጅ ፀጉሬን ከኋላ ጨምድዶ ከመሬት ደባለቀኝ። ሁለት ነበሩ። አንዱ ጎኔን እየደጋገመ ረገጠኝ፤ ሌላው ስልኬን ከኪሴ መንጭቆ ወሰደ። የሪባኑን ጥቅል ሲያይ ሳቀ። አንገቴ ላይ ሦስት ጊዜ ጠመጠመው፣ ጉልበቱን ጀርባዬ ላይ ተከለና ሳበው። አፌ በአፈርና በባሕር ዛፍ ቅጠል ተሞላ። ዓይኔ ሲጨልም ለቀቀኝ።

«አሁን ጩኺ እስቲ» አለኝ ቀስ ብሎ።

አልጮህኩም። ከዚያ በፊትም ጮኼ አላውቅም።

ቤት ስገባ መንገድ ላይ ወድቄ ነው አልኩ። በማግስቱ በክበቡ የዝግጅት ስብሰባ ላይ አንገቴን በሻርፕ ጠቅልዬ ተቀመጥኩ። አንዱ አባል በዚህ ሙቀት ማን ነክሷት ነው ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። ሊቀ መንበራችን፣ ጎልማሳ የጂኦግራፊ መምህር፣ መንገዱ እንዴት ነው ብለው ሲጠይቁኝ «ደህና ነው» አልኩ። ትንሽ ቆይቼ፣ ሊዘንብ ስለሚችል ሌላ ቦታ ብንሄድስ የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። እንግዶቹ ከክፍለ ሀገር ድረስ መጥተው እንጦጦን ሳያዩ አይመለሱም ተባለ። ሪባኖቹን ለመፍታት በዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆምኩ። ሁለቱንም ጊዜ ተራዬ ሲደርስ ከሰልፉ ወጥቼ ተመለስኩ።

ዓርብ እንግዶቹ ገቡ። በድልድሉ ላይ ራሴን ያደረግሁት ከሁሉም በዕድሜ ከሚበልጡት፣ ከደሴ ከመጡት ጡረተኛ ነርስ ጋር ነበር። እንደ ገቡ ይተኛሉ፣ ምንም አይጠይቁኝም ብዬ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሻርፑን አውልቄ ፊቴን ስታጠብ ከበሩ ላይ ቆመው አዩኝ። አገጬን በሁለት ጣታቸው ቀና አድርገው አንገቴ ዙሪያ የጠቆረውን መስመር ተመለከቱ። ወድቄ ነው አልኩ።

«ይሄ የመውደቅ አይደለም። ታንቀሽ ነው» አሉ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ቦታው የት እንደሆነ ሲጠይቁኝ ዛሬ የምንሄድበት ነው አልኩ። እጃቸውን ከአገጬ ላይ አነሱ።

«እኔ አልናገርልሽም፣ ልጄ። ሪባኑን ያሰርሽው አንቺ ነሽ።»

ሻርፑን አድርጌ ቁርስ ወደሚበላበት አዳራሽ ወረድኩ። ጠረጴዛውን በማንኪያ መታሁ። ሰው ሁሉ ሲዞር የሆነውን ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ከሐዋሳ የመጣች አንዲት ልጅ ከወንበሯ ተነሳች። ወንድሟ ንጋት ላይ፣ እናንተ ስትበሉ እኔ ሪባኑን ተከትዬ ሮጬ እመጣለሁ ብሎ ወጥቷል።

በሆቴሉ ሚኒባስ ዳገቱን ወጣን፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ በሩጫ ገባን። ሪባኖቼን እየቆጠርኩ ነበር የምሮጠው። አሥራ ሦስተኛው ሥር ተጋድሞ አገኘነው። ሁለት የፊት ጥርሶቹ ረግፈዋል፤ ግራ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል፤ ክንዱ ከክርኑ በታች ወዳልሆነ አቅጣጫ ታጥፏል። የተመታበት ዱላ ተሰብሮ አጠገቡ ወድቋል። እህቱ ጭንቅላቱን ስታቅፍ ደም ተፋ።

«አሥራ አራተኛውን ልፈልግ ቆሜ ነው» አለ።

ነርሷ ከዱላው ስባሪ አንዱን ክንዱ ላይ ደገፉና፣ ምንም ሳይሉኝ ሻርፑን ከአንገቴ ፈትተው አሰሩበት። ሰው ሁሉ አንገቴን አየ። በስብሰባው የቀለደብኝ አባል ፊቱን አዞረ።

ከሆስፒታል በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ሊቀ መንበሩ ሊናገሩልኝ ጀምረው ነበር፤ እኔ ልናገር አልኳቸው። መርማሪው ሁለት ጊዜ ጮክ በይ፣ አይሰማም አለኝ። እህቱ በእጅጌዋ ላይ የወንድሟ ደም እንደደረቀ አጠገቤ ተቀምጣለች። ጮክ አልኩ። የተያዝኩበትን፣ የታነቅሁበትን፣ የሰዎቹን መልክ በየተራ ተናገርኩ።

«ስለ መንገዱ ተጠይቄ ደህና ነው ያልኩትም እኔ ነኝ» አልኩ።

መርማሪው ብዕሩን አቆመና ይሄ ይጻፍ ወይ ብሎ ቀና አለ። እህቱም ወደ እኔ ዞረች።

ይጻፍ አልኩ።