አባ ኮዳ የታተመበት ቲሸርት

ዛሬ ጠዋት ዝናቡ እንዳባራ አንድ አባ ኮዳ መንገድ ዳር ባለው ግራር ላይ ቆሞ ክንፉን ሲያደርቅ አየሁ። የተሳፈርኩባት ሚኒባስ፣ ማታቱዋ፣ መንገድ ተዘግቶባት ስለቆመች ቀና ብዬ ደህና አድርጌ አየሁት። ምን ልበልህ፣ ያን ወፍ ባየሁ ቁጥር ጓደኛዬ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

ካሳራኒ ሰፈር፣ እሱና እናቱ በተከራዩት ቤት በረንዳ ላይ ነበር የምንሠራው። ሁለታችንም ገና ልጆች ነበርን። እሱ ይስላል፣ እኔ አትማለሁ። ሥዕሉ ያለበትን፣ ወንፊት ጨርቅ የተወጠረበትን ፍሬም ቲሸርቱ ላይ አስተኛና ቀለሙን በላስቲክ እየገፋሁ ወደ ታች አወርደዋለሁ። ፍሬሙን ሳነሳ አንድ ቅጠል ወይም አንድ ወፍ ይቀራል፤ ሌላ ምንም የለውም።

"ሲምፕል ይሁን" ይለኝ ነበር። "ሰው በዚህ ሁሉ ጩኸት መሃል አይቶት ትንሽ ቢያርፍ ይበቃል።"

ሰዉ የሚወደው የጃካራንዳ ዛፍ አበባ ያለበትን ነበር። እሱ ግን አንድ ቀን አባ ኮዳን ሳለ። እናቱ አዩትና፣ "ስንት የሚያምር ወፍ እያለ ይሄን መላጣ?" አሉት።

"እማ፣ የሰፈራችን ወፍ እኮ ነው" አለና ሳቀ። መጀመሪያ የታተመውን ራሱ ለበሰው።

በዚያው ሰሞን ዌስትላንድስ ያለ አንድ ሱቅ ሥራችሁን አምጡና እንየው አለን። እኔን ጉንፋን ጥሎኝ ስለነበር ብቻውን ሄደ። ሰማዩ ጠቁሮ፣ አየሩ አፈር አፈር ይሸት ነበር። "ሳይዘንብ እመለሳለሁ" ብሎኝ ደረጃውን እየሮጠ ወረደ።

ከሰዓት በኋላ ቲካ መንገድ ላይ ማታቱ ተገልብጧል ሲባል ሰማን። ስልኩ ላይ ብንደውል ብንደውል አይነሳም። ከእናቱ ጋር በዝናብ ከሆስፒታል ሆስፒታል ዞርን። በማግስቱ የደረስነው አንድ አስከሬን ክፍል በር ላይ ነበር። እዚያ የሚሠራው ሽማግሌ ምን ለብሶ እንደነበር በስዋሂሊ ጠየቀኝ።

"ነጭ ቲሸርት" አልኩት፤ "በአንድ እግሩ የቆመ ወፍ ያለበት።"

ሽማግሌው ከተቀመጠበት ተነሳና ወንበሩን ወደ ጓደኛዬ እናት ገፋ አደረገላቸው። ያኔ ገባኝ።

አርባው ሲቃረብ እናቱ ፎቶውን ይዘው ወደ በረንዳው ወጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር የለበሱት።

"ለአርባው ዘመድ የሚለብሰው ቲሸርት ላይ ፎቶውን አንቺ አትሚልኝ፣ ልጄ። የማያውቀው ሰው እንዲሠራው አልፈልግም።"

እምቢ ማለት አልቻልኩም። ፍሬሙን ሳነሳ ፊቱ ከነእርጥብ ቀለሙ ቀና ብሎ አየኝ። ቀለሙ ሲታጠብ እንዳይለቅ በካውያ መተኮስ ነበረበት። ካውያው ጋለ፤ እጄ ግን እሱ ፊት ላይ ሊወርድልኝ አልቻለም።

"እማማ፣ አልቻልኩም" አልኳቸው።

"አምጪው" አሉኝ። ስስ ጨርቅ ፊቱ ላይ አለበሱና ካውያውን ከግንባሩ ጀምረው ቀስ እያሉ ወደ አገጩ አወረዱት። ትኩስ የጥጥ ሽታ በረንዳውን ሞላው። ጨርቁን ገልጠው ጥቂት አዩት።

"ተማሪ ሳለ ዩኒፎርሙን ሳልተኩስለት ከቤት አይወጣም ነበር" አሉ።

ከዚያ ቀጣዩን ቲሸርት እንዳቀብላቸው እጃቸውን ዘረጉ።